የሁለት ሊስትሮዎች ፈረስ

«ሊስትሮ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ማንጸባረቅን ከሚያመለክተው «ሉስትሮ» ከሚለው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር በሮም ጎዳናዎች ላይ ለፈሰሱት ጫማ ጠራጊ ልጆች ከገዛ ቋንቋቸው ስም አላወጡላቸውም። ልጆቹ የአሜሪካን ወታደር ባዩ ቁጥር «ሹ ሻይን» ለማለት እየሞከሩ «ሹሻ! ሹሻ!» ይሉ ነበር፤ መጠሪያቸውም ሹሻ ሆኖ ቀረ። እኛ የእነሱን ቃል ወሰድን፣ እነሱ የእንግሊዝኛውን። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1946 ያወጣው ፊልም ርእሱ ይኸው ነው፦ «ሹሻ»። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

የዴ ሲካን ስም የሚያውቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ከሁለት ዓመት በኋላ የሠራውን «የቢስክሌት ሌቦች» የተባለውን ፊልም ነው። እኔ ግን ስለ ጣሊያን እውነታዊ ሲኒማ (ኒዮሪያሊዝም ስለሚባለው) የሚጠይቀኝ ሰው ካለ አስቀድሜ የምሰጠው «ሹሻ»ን ነው። ስለዚህ ሲኒማ የሚጻፉ ጽሑፎች ሁለት ነገር ይደጋግማሉ፤ አንዱ ተምሳሌት ነው፣ ሁለተኛው የዋህነት የሚያመጣው ሰቆቃ። ሁለቱም በወሬ ደረጃ ከባድ ይመስላሉ። አንድ ፈረስና ሁለት ልጆች ይዞ ለተቀመጠ ሰው ግን ግልጽ ይሆናሉ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምተርከው፣ ፊልሙን ሳያውቅ ማየት የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ይቁምና አይቶት ይመለስ።

ፓስኳሌና ጁሴፔ ሮም ውስጥ ጫማ እየጠረጉ የሚያድሩ ጓደኛሞች ናቸው። ፓስኳሌ በዕድሜ ከፍ ይላል፤ ወላጅ የለውም። ጁሴፔ ትንሽ ነው፤ እናትና ታላቅ ወንድም አለው። ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ የሚያጠራቅሙት ግን ለልብስ ወይም ለቤት ኪራይ አይደለም፣ ፈረስ ለመግዛት ነው። የጎደለቻቸውን ለመሙላት ሲሉ የጁሴፔ ወንድም ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሰጣቸውን የአሜሪካን ብርድ ልብስ ወስደው ለአንዲት መዳፍ አንባቢ ይሸጣሉ። ገና ከቤቷ ሳይወጡ ወንድምየውና ግብረ አበሮቹ ፖሊስ መስለው ይገቡና ሴትየዋን ይዘርፋሉ። ልጆቹ አፍ ማዘጊያ ይደርሳቸዋል። በዚያው ገንዘብ ፈረሱን ይገዛሉ፤ በሌሎቹ ሊስትሮዎች መካከል ፈረሳቸው ላይ ሆነው እንደ ንጉሥ ያልፋሉ። ደስታቸው ግን ብዙ አይቆይም። ሴትየዋ ታያቸዋለች፣ ትለያቸዋለች፣ ይያዛሉ። ቀሪው የፊልሙ ክፍል በአብዛኛው የልጆች እስር ቤት ውስጥ ነው።

ፈረሱን የጨመረው ደራሲው ነው ብሎ የሚያስብ ይኖራል፤ ለተምሳሌትነት የተፈለሰፈ ይመስላልና። አይደለም። ዴ ሲካ ከፊልሙ በፊት ሮም ውስጥ ሁለት እውነተኛ ጫማ ጠራጊ ልጆችን ተዋውቆ፣ ስለነሱ በ1945 መጽሔት ላይ ጽፎ ነበር። በቅጽል ስማቸው አንዱ «ጦጢት» ሌላው «ባለ ትልቁ ባርኔጣ» ይባሉ ነበር። እነዚያ ልጆች ከወታደር ጫማ ያገኙትን ገንዘብ እንደያዙ ወደ ቪላ ቦርጌዜ መናፈሻ እየሮጡ ፈረስ ተከራይተው ይጋልቡ ነበር። እስቲ አስቡት። ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ የሰው እግር ሲጠርግ የዋለ ልጅ፣ ማታ እግሩ መሬት እንዳይነካ ይከፍላል።

ሊስትሮ ጋ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ልጁ ቀና ብሎ ፊታችንን አያይም። እግር ቀይሩ ለማለት እንኳ በቡሩሹ ጀርባ ሳጥኑን ኳ ኳ ያደርጋል እንጂ አይናገርም። ሰው ለእሱ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ነው፤ የተሰነጠቀ ሶል፣ የረጠበ ካልሲ፣ የላላ ክር። ፈረስ ላይ የወጣ ልጅ ግን ባርኔጣን ከላይ ነው የሚያየው። ፈረሱ ምንን «ይወክላል» ከማለታችን በፊት ቁመቱን ማሰብ አለብን።

ብዙ ሰው ተምሳሌትን የሚረዳው እንደ ምልክት ሰሌዳ ነው፤ ነጭ ርግብ ማለት ሰላም፣ ነጭ ፈረስ ማለት ነጻነት። እንዲህ ከሆነ ፊልም ማየት መዝገበ ቃላት መግለጥ ይሆናል። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ግን የተሻለ መንገድ አለው። አንጥረኛ መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ ወርቁ የሚፈስሰው ሰሙ በያዘው ቅርጽ ውስጥ ነው። ሰሙ ደካማ ከሆነ፣ ማለትም ላይ ላዩ ታሪክ እንደ ታሪክ ካልቆመ፣ ወርቁ መያዣ ያጣል። የእነ ዴ ሲካና የጓደኛው፣ የፊልም ጸሐፊው የቼሳሬ ዛቫቲኒ ሲኒማ ጥንካሬው ሰሙ ላይ ነው። በርሳልዬሬ የተባለው ይህ ፈረስ ዋጋ አለው፣ ማደሪያ ይፈልጋል፣ መኖ ይበላል፣ በእርግጥም ይሸተታል። እንደ እንስሳ ሙሉ ስለሆነ ነው ሌላ ነገር መሸከም የቻለው።

ወርቁ ታዲያ ምንድን ነው? «ነጻነት» የሚለው መልስ ስሕተት አይደለም፤ ግን ለማንኛውም ፈረስ የሚሆን መልስ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ካየሁት በኋላ የያዝኩት ሌላ ነው። ሁለቱ ልጆች በዓለም ላይ በጋራ ያላቸው ብቸኛ ነገር ፈረሱ ነው። ግማሹ የአንዱ፣ ግማሹ የሌላው ነው፤ ፈረስ ደግሞ ለሁለት አይከፈልም። ስለዚህ በርሳልዬሬ ጓደኝነታቸው ነው፤ በዐይን የሚታይ፣ አራት እግር ያለው ቃል ኪዳናቸው። ይህን ይዘን ስንሄድ መጨረሻው ለምን እንደዚያ እንደሆነ እንረዳለን።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልጨምር። በርሳልዬሪ የሚባሉት ላባ ያለው ባርኔጣ የሚያደርጉ፣ በሩጫ የሚታወቁ የጣሊያን እግረኛ ወታደሮች ናቸው። በ1896 ዐድዋ ላይ ከተሸነፈው ጦር ውስጥም ነበሩበት። ልጆቹ የተወለዱት በሙሶሊኒ ዘመን ነው፤ የዚያን ጊዜ ሲኒማ ደግሞ ኢትዮጵያን መውረርን ሳይቀር የሚያሞግስ ነበር። ሕፃን ሆነው የሰሙት ትልቅ ስም የወታደር ስም ነው፤ የሚወዱትን ነገር በዚያ ጠሩት። ያ ጦር ተሸንፎ፣ ከተማው ጁን 4 ቀን 1944 በአሜሪካኖች እጅ ገብቶ፣ እነሱ የሌላ አገር ወታደር ጫማ እየጠረጉ፣ ስሙ አሁንም ለእነሱ ያምራል። ይህን ለማሳየት ፊልሙ አንድ ቃል አይናገርም፤ ስሙን ብቻ ያስጠራል።

ወደ የዋህነት ልምጣ። አማርኛ እዚህ ላይ ከብዙ ቋንቋ የተሻለ ያግዘናል፤ «ንጹሕ» እና «የዋህ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸውና። ንጹሕ ማለት እጁ የሌለበት ነው፤ ፍርድ ቤት ቆሞ «ከደሙ ንጹሕ ነኝ» የሚል ሰው የሚለው ይህን ነው። የዋህ ግን ሌላ ነው። የዋህ አጠገቡ ያለው ሰው የሚያሳየውን ነገር ከልቡ ነው ብሎ የሚቀበል ነው። ፓስኳሌና ጁሴፔ ንጹሕ አይደሉም። የጥቁር ገበያ ዕቃ አሻሽጠዋል፣ የሌብነት ገንዘብ ተቀብለዋል፣ ዝም ብለዋል። ዴ ሲካ አልሸሸገውም። ልጆቹን መላእክት አድርጎ ቢያቀርብልን ኖሮ እናዝን ነበር፤ ግን ሐዘናችን ርካሽ ይሆን ነበር። እነዚህ ልጆች ጥፋተኛም ናቸው፣ የዋህም ናቸው። የሚያጠፋቸው ጥፋታቸው አይደለም፤ የዋህነታቸው ነው።

እንዴት እንደሚያጠፋቸው የሚያሳይ አንድ ትዕይንት አለ፤ ለእኔ የፊልሙ ልብ እሱ ነው። መርማሪዎቹ የትልልቆቹን ሌቦች ስም ይፈልጋሉ። ልጆቹ ላይናገሩ ተማምለዋል። ፓስኳሌን ያቆሙትና ጁሴፔን ወደ ሌላ ክፍል ያስገቡታል። ከዚያ ፓስኳሌ የጅራፍ ድምፅና የልጅ ጩኸት ይሰማል። ካሜራው ወደዚያኛው ክፍል ሲገባ እኛ እውነቱን እናያለን፦ የሚገረፈው ጆንያ ነው፤ የሚጮኸውም ሌላ ልጅ ነው፣ እንዲጮኽ ታዞ። ጁሴፔን ማንም አልነካውም። ፓስኳሌ ግን ጩኸቱን ያምናል። ጓደኛው እንዳይገረፍ ብሎ ስሞቹን ይናገራል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ፣ አዋቂዎቹ የተጠቀሙት የፓስኳሌን ፍርሃት አይደለም። እሱ ለራሱ ቢሆን ይችለው ነበር፤ በኋላም ይችለዋል። የተጠቀሙት ፍቅሩን ነው። ቃሉን ያፈረሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ደካማ ስለሆነም አይደለም፤ ጓደኛውን ስለሚወድና የሰማውን ስለሚያምን ነው። ከጁሴፔ በኩል ደግሞ ነገሩ ፍጹም የተለየ ነው። እሱ አልተገረፈም። ወንድሙ መያዙን ሲሰማ፣ ፓስኳሌ መናገሩን ሲያውቅ፣ ጓደኛው ያለ አንዳች ምክንያት የከዳው ይመስለዋል። ሁለቱም የያዙት እውነት ነው፤ ሁለቱ እውነቶች ግን አይገናኙም። መካከላቸው አንድ የተገረፈ ጆንያ አለ።

ትራጄዲ የሚባለው ነገር ከተራ አሳዛኝ ታሪክ የሚለየው በዚህ ነው። ልጅን መኪና ቢገጨው ያሳዝናል። ትራጄዲ ግን ሰው መልካም ብሎ ያደረገው ነገር ራሱ ተመልሶ ሲያጠፋው ነው። የጥንቶቹ ግሪኮች ይህን ለነገሥታት ሰጡት፤ ትልቅ ሰው ከትልቅ ቦታ ሲወድቅ ለማሳየት። ዴ ሲካ ለሁለት ሊስትሮ ሰጠው። የሚወድቁበት ከፍታ የፈረስ ጀርባ ያህል ነው፤ አወዳደቁ ግን ከነገሥታቱ አይተናነስም።

ግርፋቱ ፊልሙ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። የመጀመሪያው ውሸት ነው፤ የነገርኳችሁ ጆንያ። ሁለተኛው እውነት ነው። ጁሴፔ ተቆጥቶ፣ ክፍሉ ውስጥ አርካንጄሊ ከሚባል ትልቅ ልጅ ጋር ተባብሮ፣ ፓስኳሌ አልጋ ውስጥ ሞረድ እንዲደበቅ ያደርጋሉ። ሊያመልጥ አስቧል ተብሎ ፓስኳሌ ይገረፋል፤ አሁን ጆንያ የለም። መጀመሪያ በውሸት የሰማውን ሕመም በገላው ይቀበላል፤ ያውም ያድነው ዘንድ ቃሉን ባፈረሰለት ልጅ ምክንያት። ሦስተኛው ግርፋት መጨረሻ ላይ ነው።

ችሎቱ አጭር ነው፤ ግን ከእስር ቤቱ ይልቅ ያስቆጣኛል። ጁሴፔ ቤተሰብ ስላለው ጠበቃ ተቀጥሮለታል። ጠበቃው ሥራውን ያውቃል፦ ጥፋቱን በሙሉ ትልቁ ልጅ ላይ መጫን። ፓስኳሌ ዘመድ የለውም፤ የሚጫንበትን የሚያወርድለትም የለም። ለእሱ የበለጠ ዓመት ይፈረድበታል። ሕግ አልተጣሰም፣ ጉቦ አልተበላም፣ ማንም ክፉ ሰው አልተነሣም። ሁሉም ሥራውን ነው የሠራው። ፊልሙ ባለጌ ሰው አምጥቶ «እሱ ነው ያጠፋቸው» ብሎ አያሳርፈንም። ጠባቂው ደክሞታል፣ እስር ቤቱ ጠቦታል፣ አገሩ ተርቧል። ልጆቹን የሚያያቸው አንድም ሰው ግን የለም።

የሚያያቸው የለም ስል አንዲት ልጅ አለች። ናናሬላ ትባላለች፤ ጁሴፔን የምትወድ፣ የትም የምትከተለው ትንሽ የጎዳና ልጅ ናት። ሲያዝ ትከተላለች፤ ፍርድ ቤትም ትመጣለች። ማንም አይጠይቃትም፣ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ከፈረሱ ቀጥሎ ተምሳሌት ፈልጉ ብባል እሷን ነው የምጠቁመው፤ ከፈረሱ ይልቅ ጸጥ ያለች ስለሆነች ብዙ ሰው ያልፋታል።

ይህ ሲኒማ ለምን እንዲህ እንደሆነ ሁለት ቃል። በ1937 የተከፈተው የሮም ትልቁ የፊልም ከተማ፣ ቺኔቺታ፣ ከጦርነቱ በኋላ የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኖ ነበር። ዴ ሲካ ራሱ በሠላሳዎቹ ዓመታት መልከ መልካም ተዋናይ፣ የሳቅና የፍቅር ፊልም ኮከብ ነበር። ገንዘብ የለም፣ አገሩ ፈርሷል፤ እሱና መሰሎቹ ወደ መንገድ ወጡ፤ ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎችን ከመንገድ መረጡ። ፓስኳሌን የሆነው ፍራንኮ ኢንተርሌንጊም፣ ጁሴፔን የሆነው ሪናልዶ ዝሞርዶኒም ከዚያ በፊት ተዋናይ አልነበሩም። ኢንተርሌንጊ በኋላ በዚያው ሙያ ገፋ። ልጆቹ ሲያለቅሱ «አለቃቀስ» አያውቁም፤ ፊታቸው ዝም ብሎ ይበላሻል። ስለ የዋህነት የሚናገር ፊልም የተማረ ፊት ቢይዝ ኖሮ እንዴት እናምነው ነበር?

ጣሊያን ውስጥ ፊልሙ ገበያ አላገኘም። ሰዉ ያንኑ ረሃብ ከደጁ እያየው ገንዘብ ከፍሎ ሊያየው አልፈለገም፤ እኔ በዚህ አልፈርድባቸውም። ውጭ አገር ግን ተወደደ፤ በ1948 የኦስካር ሰጪዎች የክብር ሽልማት ሰጡት። ለውጭ ቋንቋ ፊልም የሚሰጥ ቋሚ ዘርፍ ገና አልነበረም፤ እሱ የመጣው ለ1956 ፊልሞች ነው። መንገዱን የጠረጉት፣ እንግዲህ፣ ሁለት ጫማ ጠራጊዎች ናቸው።

መጨረሻው። አንድ ማታ ለእስረኞቹ ፊልም ይታይላቸዋል። እሳት ይነሣል፣ ሁሉም ይሯሯጣል፣ ራፋኤሌ የሚባል ሳምባው የታመመ ልጅ እግር ስር ወድቆ ይረገጣል። በግርግሩ ጁሴፔና አርካንጄሊ ያመልጣሉ። ወዴት እንደሚሄዱ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፓስኳሌ። ወደ ፈረሱ ነው። ይህን ለኃላፊዎቹ ይናገራል። ልብ በሉ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ነው የሚናገረው። መጀመሪያ የተናገረው ጓደኛውን ሊያድን ነበር፤ አሁን የሚናገረው ጓደኛውን ስላጣ ነው። ያ የመጀመሪያው ልጅ አሁን የለም፤ እስር ቤቱ በልቶታል።

ድልድዩ ላይ ያገኛቸዋል። ፈረሱ አለ፤ ከጁሴፔ ጋር ያለው ግን ሌላ ልጅ ነው፣ በእሱ ቦታ። አርካንጄሊ ይሸሻል። ፓስኳሌ ቀበቶውን ፈትቶ ጁሴፔን ይገርፈዋል። ሦስተኛው ግርፋት ይህ ነው። መጀመሪያ በሐሰት ጩኸት የሰማው፣ ሊያስቀረው ብሎ ሁሉን ያጣበት፣ ያ ግርፋት በመጨረሻ እውነት ሆነ፤ በራሱ እጅ። አዋቂዎቹ ያቀነባበሩትን ውሸት ልጁ ፈጸመላቸው። ጁሴፔ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከድልድዩ ላይ ይወድቃል፤ ድንጋይ ላይ። ፓስኳሌ ወርዶ ያቅፈዋል፣ ስሙን ይጠራዋል።

ይህን ትዕይንት ውጭ ሳይሆን ስቱዲዮ ውስጥ ነው የቀረጹት፤ ጥሩ አየር እስኪመጣ የሚጠበቅበት ገንዘብ አልነበረም። ጨለማው የተሠራ መሆኑ ይታወቃል፤ ለእውነታዊ ፊልም ይህ እንከን ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንከን ሆኖ አላገኘሁትም። ፊልሙ የሚጀምረው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ሁለቱ ልጆች ፈረሱ ላይ ናቸው። እዚህ ሰማይ የለም። ዙሪያው የተዘጋ ነው፤ ከእስር ቤቱ ወጥተውም እስር ቤቱ ውስጥ ናቸው።

ከላይ፣ ድልድዩ ላይ፣ በርሳልዬሬ ብቻውን ቆሟል። ማንም አላባረረውም፣ ማንም አልጠራውም። የአንዱም የሌላውም ግማሽ የሚይዘው እጅ የለም። ፓስኳሌ ከታች እየጮኸ ሳለ፣ ሰዎቹ ሊደርሱ ሲሉ፣ ፈረሱ ዞር ይልና ዱካውን እያሰማ ወደ ጨለማው ይሄዳል።